ገና ያልመጣውን ዘመን የሣሉና የጻፉ ሰዎች



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል በምናከብርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የምናነሣው ስላለፈው ነው። የመጀመሪያዎቹ መምህራን እነማን እንደ ነበሩ፥ ስንት ተማሪዎች እንደ ተመረቁ፥ ሕንፃው እንዴት እንደ ተሠራ እንናገራለን። ይህም ተገቢ ነው። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ግን በዚህ መጽሔት ላይ ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ አንድ ሌላ ዓይነት ታሪክ መረጥን። ይኸውም ሰዎች ስለ ወደ ፊቱ ያሰቡት አሳብ ታሪክ ነው። ወደ ፊት የሚሆነው ነገር በእርግጥ ገና ታሪክ አይደለም። ነገር ግን ትናንት የነበሩ ሰዎች ስለ ነገ ያሰቡት፥ የሣሉትና የጻፉት ሁሉ ዛሬ ታሪክ ሆኗል፤ እኛም ልንመረምረው እንችላለን።

ለዚህ ያነሣሣን አንድ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «አገሬ ከ50 ዓመት በኋላ» በሚል ርእስ ድርሰት እንድንጽፍ ታዘን ነበር። ሁላችንም ጽፈን አስረከብን። ወረቀቶቹ ታርመው ከተመለሱልን በኋላ ተለዋውጠን ብናነባቸው ግን አንድ ነገር ገረመን። አንዱ ስለ አዲስ አበባ ፎቆች ጽፏል። ሌላው በባሕር ማዶ ሐኪም ሆኖ ሲኖር ራሱን ሥሏል። ሌላይቱ ያለ ሾፌር ስለሚሄድ መኪና ጽፋለች። ስለ ጋይንት፥ ስለ ስማዳ ወይም ስለ እስቴ የጻፈ ግን ከመካከላችን አንድም አልተገኘም። አንዳንዶቻችን የተወለድንበትን ቀበሌ ብናነሣም፥ ያነሣነው ከዚያ እንዴት እንደ ወጣን ለመተረክ ብቻ ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ በጉና ተራራ ግርጌ ማን ይኖራል? ምን ያርሳል? ልጆቹስ ምን ይማራሉ? ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ይህ ነገር አሳፈረን፤ አሳፍሮንም አልቀረ፥ ይህን ጽሑፍ አስጀመረን።

ገና ያልሆነውን ነገር በሥዕልና በቃል መግለጽ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የገጠር ልጅ ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያለ ያደገ ነው። አንበሳና ጦጣ የሚከራከሩበትን፥ ደካማው ብርቱውን በብልሃት የሚረታበትን ዓለም ለጊዜው እውነት አድርጎ ተቀብሎ ያዳምጣል። እንዲሁም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለፈው የቅዱሳን ገድል ብቻ ሳይሆን፥ ገና የሚመጣው የፍርድ ቀን ጭምር ተሥሎ ይታያል። ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ እንኳ ያን ሥዕል ባየ ጊዜ «እንግዲህ ዛሬ እንዴት ልኑር?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ስለዚህ የሚመጣውን ዘመን የመሣል ዋና ጥቅሙ ጥንቈላ አይደለም፤ ዛሬ የምንሠራውን ሥራ እንድንመርጥ ማድረጉ ነው እንጂ።

ከትንሽነታችን ጀምሮ ከተማርናቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች አንዱ የዮሴፍ ታሪክ ነው። ፈርዖን ሰባት የወፈሩና ሰባት የከሱ ላሞች በሕልሙ አየ። ሕልሙ ግን ብቻውን አንድ ቁና እህል እንኳ አላተረፈም። የግብፅ ሕዝብ ከራብ የዳነው ዮሴፍ ሕልሙን ከፈታ በኋላ ጎተራ አሠርቶ በጥጋቡ ዘመን እህል ስላከማቸ ነው። ድርቅ ደጋግሞ ለጎበኘው ለእኛ አገር ሕዝብ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። እኛም ከዚህ ተነሥተን ሦስት ጥያቄዎች አዘጋጀን። ሕልሙን ያለመው ማን ነው? በሕልሙ ውስጥ ስፍራ ያገኘው ማን ነው? ከሕልሙ በኋላስ ጎተራ ተሠርቷል ወይ? ከዚህ በታች የምናነሣቸውን ሰዎች ሁሉ በእነዚህ ጥያቄዎች እንመዝናቸዋለን።

ከሁሉ አስቀድመን ከራሳችን አገር ከበጌምድር እንጀምር። በዘመነ መሳፍንት ኢትዮጵያ ሰማንያ ዓመት ያህል ተከፋፍላ ስትታወክ፥ የጎንደር ነገሥታት በስም ብቻ ሲቀሩ፥ የየጁ ራሶችም ደብረ ታቦርን መቀመጫ አድርገው ሲገዙ፥ በሕዝቡ ዘንድ አንድ ትንቢት ይነገር ነበር። ትንቢቱ «ፍካሬ ኢየሱስ» በተባለው መጽሐፍ የሚገኝ ሲሆን፥ ከብዙ መከራ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል፤ በእርሱም ዘመን ሰላምና ጥጋብ ይሆናል የሚል ነው። ዘመቻ የሰለቸው ገበሬ፥ እህሉን ወታደር የበላበት ባላገር፥ ይህን ሰምቶ ይጽናና ነበር። የቋራው ካሣ ኃይሉ መሳፍንቱን አንድ በአንድ ድል ካደረጉ በኋላ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ የመረጡት ስም ይኸው ቴዎድሮስ የሚለው ነበር። ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ፤ በዚያ ዘውድ የሚጭኑት እርሳቸው እንደሚሆኑም አስበው ነበር። እንግዲህ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለት ሰዎች ያሰቧቸው ሁለት መጪ ዘመናት ተገናኙ፤ አንደኛው ተፈጸመ፥ ሁለተኛው ከሸፈ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በተሰጣቸው ስም ተኝተውበት አልኖሩም፤ ሥራ ጀምረዋል። የተከፋፈለውን አገር አንድ ለማድረግ፥ መንገድ ለመጥረግና የእጅ ጥበብን ለማስፋፋት ደከሙ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ወንጌል ለማስተማር የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ። ሴባስቶፖል የተባለውና ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍም በ1859 ዓ.ም. በዚያ ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ይህን መድፍ እያስጐተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ በእኛ አገር በጋይንት በኩል አልፈዋል። ገደሉን እያፈረሱ፥ ድንጋዩን እየፈነቀሉ፥ ንጉሡም ራሳቸው በእጃቸው እየሠሩ፥ መቅደላ ለመድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጅቶባቸዋል። ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሄደውን፥ ቻይናውያን የሠሩትን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው፥ ያን ድካም በጥቂቱ ሊገምት ይችላል።

ነገር ግን በሦስቱ ጥያቄዎች ስንመዝነው፥ ሕልሙ የሕዝቡ ሆኖ ሳለ የሕልሙ ሸክም ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የወደቀ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ንጉሡ የሰው ልብ በሸሸባቸው ጊዜ፥ ሰላምና ጥጋብ ይጠብቅ የነበረው የበጌምድር ባላገር በዘመቻና በዝርፊያ ተጐዳ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በመቅደላ ራሳቸውን ሲሠዉ ጅምሩ ሥራ ከእርሳቸው ጋር ወደቀ። ከዚህ የምንማረው፥ ንጉሥ እስኪመጣለት የሚጠብቅ ሕዝብ ራሱ ጎተራ እንደማይሠራ ነው። ሆኖም የሕልሙ ትዝታ አልጠፋም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት፥ ብርሃኑ ዘሪሁንና አቤ ጉበኛ በልብ ወለድ የቴዎድሮስን ታሪክ እንደ ገና የጻፉት ያለፈውን ለማወደስ ብቻ አይመስለንም፤ ባለፈው ንጉሥ አስታክከው የሚመጣዋን ኢትዮጵያ ለማሰብ ጭምር ነው እንጂ።

ሁለተኛው ምሳሌያችን አገራችንን ሌላ ሰው ከሩቅ ሆኖ ያለማት ነው። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ኢትዮጵያን በዐይኑ አላየም። ነገር ግን የፖርቱጋሉን ቄስ የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍ ተርጕሞ በ1735 እ.ኤ.አ. አሳትሞ ነበር። በ1759 እ.ኤ.አ. «ራሴላስ» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። በዚያ መጽሐፍ ራሴላስ የሚባል የኢትዮጵያ ልዑል በአማራ አገር፥ ተራራ በከበበው የደስታ ሸለቆ ውስጥ፥ ምንም ሳይጐድልበት ይኖራል። ደስታው ግን ይሰለቸዋል፤ ሰው እንዴት መኖር እንዳለበት ለማወቅ ከሸለቆው ወጥቶ ዓለምን ይዞራል። ለታሪኩ መነሻ የሆነው ነገሥታቱ ልዑላንን በአምባ ላይ የሚያስቀምጡበት ጥንታዊ ልማድ ነው፤ ይህም በአምባ ግሸን የተደረገ እውነተኛ ነገር ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት ይህ የራሴላስ ተራራ ያለበትን ስፍራ ፍለጋ ወደ አገራችን መጣ። በጉዞውም ወደ ጋይንት፥ ወደ ቤተ ልሔም ደረሰ። ቤተ ልሔምን ከውጭ ለሚያያት ሰው እንደ ሌሎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሆና፥ ሣር ለብሳ የምትታይ ነበረች። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በክቡ ጣሪያ ሥር አራት ማዕዘን የሆነ፥ በመካከለኛው ዘመን በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ። ይህን ሁሉ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ተርኳል። ለጋይንት ካህናት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ሲቀድሱበት የኖሩበት ቤታቸው ነው። እንግዳው ግን ሌላ ሰው በልቡ የፈጠረውን አገር ሲፈልግ፥ በእጅ የተሠራውን እውነተኛውን ነገር አገኘ። እኛም ከዚህ አንድ ነገር ተገነዘብን። ሌላ ሰው ስለ እኛ የሚሥለው ሥዕል፥ የደስታ ሸለቆም ይሁን የራብ ምድር፥ ከሣሩ ሥር ያለውን ድንጋይ አያሳይም። ያን ማየት የሚችል ገብቶ የሚያይ ሰው ነው።

ይህን «ራሴላስ» የተባለ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የመለሱት ሲራክ ኅሩይ ናቸው። አባታቸው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው፥ በ1925 ዓ.ም.፥ «አዲስ ዓለም» የተባለውን ልብ ወለድ ጽፈዋል። «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ ራሱ በጣና ዳር በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ካሳተሙት መጽሐፍ የተገኘ ነው፤ እርሳቸውም ሠዓሊ ነበሩ። የኅሩይ መጽሐፍ ባለ ታሪክ አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ነው። አወቀ ወደ ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። ሲመለስም የአገሩ ሰው ለተዝካርና ለሠርግ ድግስ ያለ የሌለ ሀብቱን ሲያጠፋ አይቶ፥ ልማዱ እንዲሻሻል ይመክራል፤ ዘመዶቹም ይነቅፉታል።

ይህ መጽሐፍ ለእኛ በጣም የቀረበ ሆኖ አገኘነው። ምክንያቱም አዲስ ዓለም የተባለው ፓሪስ አይደለም፤ አወቀ የተመለሰበት ተጉለት ነው እንጂ። ደራሲው አገሩ እንደ አውሮፓ ትሁን ብለው ብቻ አልጻፉም። አንድ የተማረ ልጅ ወደ መንደሩ ቢመለስ ምን ይገጥመዋል? ምን ይለውጣል? ምንስ ይተዋል? ብለው አስበው ጻፉ። መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ጠላት አገራችንን ወረረ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በስደት በእንግሊዝ አገር ዐረፉ። ጥያቄያቸው ግን ዛሬም አልተመለሰም። ለአንድ ቀን ድግስ የዓመት ቀለብ ማውጣት በየቀበሌያችን የምናየው ነገር ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሰው መጪውን ዘመን የሚጽፈው ስለ ወደደው ሳይሆን የአሁኑን ለመውቀስ ነው። በጎጃም በአቸፈር የተወለዱት አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የተባለ መጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ መጽሐፍ ገና በእናቱ ማሕፀን ያለ ሕፃን ግፍ ወደ ሞላበት ዓለም አልወጣም ብሎ ይከራከራል። እንዲህ ያለ ነገር በእውነት እንደማይሆን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ያልተወለደ ልጅ ቢናገር ምን ይለን ነበር ብሎ ማሰብ አንባቢውን «ለሚወለዱት ምን ዓይነት አገር አዘጋጀን?» ወደሚል ጥያቄ ያደርሰዋል። መጽሐፉ ብዙ ሳይሸጥ ታገደ። በልብ ወለድ የተጻፈ ነገር ባዶ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ማንም ለማገድ ባልደከመ ነበር።

በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ አንድ ታላቅ የሥዕል ሥራ ተፈጸመ። በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እርሳቸው ግን ወደ ሥዕል ትምህርት ገቡ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1953 ዓ.ም. ለተመረቀው ለአፍሪካ አዳራሽ ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕል ሠሩ። ሥዕሉ ሦስት ክፍል ሆኖ ስፋቱ በጠቅላላው 150 ካሬ ሜትር ነው። የአፍሪካን ያለፈ መከራ፥ የነፃነት ትግሏንና የሚመጣውን ተስፋዋን ያሳያል። አንባቢ ሆይ፥ ዘመኑን አስተውል። በ1953 ዓ.ም. አልጄሪያ ገና በጦርነት ላይ ነበረች፤ ኬንያና ኡጋንዳ ገና ነፃ አልወጡም ነበር፤ አንጎላና ሞዛምቢክ እስኪለቀቁ 14 ዓመት ያህል፥ የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሕዝብ ድምፅ እስኪሰጥ 33 ዓመት ያህል ይቀር ነበር። ሠዓሊው ገና ያልሆነውን ነገር በመስተዋት ላይ አድርገው በፀሐይ ብርሃን ፊት አቆሙት። በግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 አገሮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያው አዳራሽ ነው። ሥዕሉ አፍሪካን ነፃ አወጣ አንልም፤ ነፃ ያወጣት የሕዝቧ ተጋድሎ ነው። ነገር ግን የተሰበሰቡት መሪዎች በስብሰባቸው ሁሉ ሊደርሱበት የሚገባውን ነገር ፊት ለፊታቸው ተሥሎ ያዩ ነበር። አዳራሹ በ2017 ዓ.ም. እድሳቱ ተፈጽሞ እንደ ገና ተከፍቷል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ንጉሥ፥ ስለ ደራስያንና ስለ ሠዓሊ ነው። እንግዲህ ወደ እስቴ እንመለስ። አቶ ዙምራ ኑሩ የተወለዱት በእስቴ በገበሬ ቤት ነው፤ ትምህርት ቤትም አልገቡም። ነገር ግን በልጅነታቸው የሚያዩት ነገር ያስገርማቸው ነበር። አባትና እናት በእርሻ አብረው ውለው ማታ ሲመለሱ አባት ያርፋል፤ እናት ግን ውሃ ትቀዳለች፥ ትፈጫለች፥ ትጋግራለች። ይህ ለምን ይሆናል ብለው ቢጠይቁ ብዙ ሰው እንደ እብድ ቆጠራቸው። አሳባቸውን የሚቀበል ሰው ፍለጋ ብዙ ከተንከራተቱ በኋላ በ1964 ዓ.ም. በፎገራ ከተከታዮቻቸው ጋር አውራምባ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በዚያ ሴት ታርሳለች፥ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አለ፤ ሸማ ሠርተው ይሸጣሉ፤ ልጆቻቸውን ያስተምራሉ። በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ጎረቤቶቻቸው ስለ ጠሏቸው እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደው ነበር፤ በኋላ ግን ተመልሰው መንደራቸውን እንደ ገና አቆሙ።

የአውራምባ ሰዎች ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላቸውም። በዚህ ነገር እኛ ከእነርሱ የተለየ እምነት አለን፤ በየቤታችን የተማርነውን እንጠብቃለን። ነገር ግን በሦስቱ ጥያቄዎች ስንመዝናቸው ፍርዳችን በእውነት መሆን አለበት። ሕልሙን ያለመው አንድ የገበሬ ልጅ ነው። በሕልሙ ውስጥ ስፍራ ያገኙት ከሁሉ በፊት የተረሱት፥ እናቶችና አረጋውያን ናቸው። ጎተራውም ተሠርቷል፤ ሰው ሄዶ ሊያየው ይችላል። እኛ በመጽሐፍ ስለ ሩቅ አገር ሊቃውንት ስናነብ፥ ከእስቴ የወጣ ሰው በእናቱ ድካም ምክንያት አዲስ አኗኗር ማሰቡን ሳናውቅ ቀርተን ነበር።

ስለ ዛሬው ሥዕልና ኪነ ጥበብ ደግሞ አንድ ምሳሌ ብቻ እንጨምር። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ሰው የጣላቸውን የኮምፒዩተር ክፍሎች፥ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና ቁልፎች እየሰበሰበ፥ ከሩቅ ሲያዩት የታረሰ መሬት ወይም ከተማ የሚመስል ሥዕል በመሥራት በዓለም የታወቀ ነው። እርሱና መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመካኒሳ ዞማ የተባለውን ቤተ መዘክር ከፈቱ። ቤቶቹ የተሠሩት በጭቃና በጭድ ነው። ግድግዳዎቹ በእጅ ተቀርጸው አጊጠዋል፤ በግቢው ውስጥ አትክልት ይበቅላል፥ ላሞች ይረባሉ፥ ሕፃናትም ይማራሉ። ጭቃ ማቡካት በእኛ አገር ደቦ የወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው። እኛ ግን ቤት ሲሻሻል ጭቃ ይቀራል እንጂ ጭቃው ራሱ ይሻሻላል ብለን አስበን አናውቅም ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚመጣውን ዘመን ከአያቶቻቸው እጅ ሥራ ጀመሩት።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ድርሰት እንመለስ። ለምን ጋይንትን፥ ስማዳንና እስቴን ከነገው ሥዕል አወጣናቸው? ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ምክንያቱ ድህነት ነው አልን። አፈሩ በጐርፍ እየታጠበ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ መሬቱ ለወንድማማቾች ሲካፈል እያነሰ ይሄዳል፤ ዝናብ የዘገየ እንደ ሆነ ቤተሰብ ርዳታ ይጠብቃል። ሌሎቻችን ምክንያቱ ጦርነት ነው አልን። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ መጥቶ ሰው ሲሞት፥ ቤትም ሲዘረፍ እኛ ልጆች ነበርን። ከዚያም ወዲህ ሰላም ሙሉ ሆኖ አላየንም። እንዲህ ባለ ጊዜ ያደገ ልጅ ነገን እንዲያስብ ሲጠየቅ፥ ወይ «የነገን ማን ያውቃል» ብሎ ይተዋል፥ ወይም ራሱን ከዚህ አውጥቶ ሌላ ስፍራ ያስቀምጣል። ስለዚህ ወጥቶ መሄድን አንነቅፍም። አወቀም ሄዶ ነበር። የሚያሳዝነው ሰው መሄዱ ሳይሆን፥ የቀረው አገር በማንም አሳብ ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ነገር ግን አንድ መምህራችን ያስታወሱን ነገር አሳባችንን ለወጠው። በአንድ ወቅት ሰው ከጋይንት የሚሄድ ሳይሆን ወደ ጋይንት የሚመጣ ነበር። የድጓ ተማሪ ከሸዋ፥ ከጎጃም፥ ከትግሬና ከወሎ ተነሥቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ቁራሽ እየለመነ ወደ ቤተ ልሔም ይጓዝ ነበር፤ በቤተ ልሔም ካልተመሰከረለት የድጓ መምህር መሆኑ አይታወቅለትምና። ለዝማሬና ለመዋሥዕትም ወደ ዙር አባ ይሄድ ነበር። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ዛሬም አልጠፉም። እንግዲህ ሊቅ መሆን የፈለገ ሰው ከአገር ሁሉ የሚመጣበት ስፍራ የነበረ አገር፥ ወደ ፊትም እንዲህ ሊሆን አይችልም ማለት ትክክል አይደለም። ያለፈውን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የሚመጣው ዘመን ካሁኑ ልዩ ሊሆን እንደሚችል ይመሰክርልናል።

ከዚህ በኋላ ድርሰቱን እንደ ገና ጻፍነው። አንዱ ልጅ የጉናን ተራራ በደን ተሸፍኖ፥ ከሥሩ የሚነሡት ምንጮችም በጋውን ሁሉ ሳይደርቁ ሲፈሱ ጻፈ፤ በዚያም ላይ ዛፎቹን የሚተክሉትና የሚጠብቁት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ገለጸ። አንዲት የስማዳ ልጅ ወላድ እናት በቃሬዛ የማትጓዝበትን ዘመን ጻፈች፤ ሐኪሟም ራሷ ነበረች። አንዱ በሥዕል ጐበዝ የሆነ ጓደኛችን ደግሞ የቤተ ልሔምን ምሳሌ ይዞ፥ ከውጭ የሣር ቤት የሚመስል፥ ከውስጥ ግን ቤተ መጻሕፍት የሆነ ቤት ሣለ። ሁሉም አልተስማማም። አንድ ልጅ «ይህ ሁሉ ሕልም ነው፤ ሕልም እህል አይሆንም» ብሎ ጽፏል። የእርሱንም ድርሰት ከሌሎቹ ጋር አኖርነው፤ ጎተራውን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋልና።

እነዚህን ድርሰቶችና ሥዕሎች በአንድ ሣጥን አድርገን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አስቀምጠናል። የሚቀጥለው ታላቅ በዓል ሲከበር በዚያ ጊዜ የሚኖሩት ተማሪዎች ከፍተው እንዲያነቡት አደራ እንላለን። ወላጆቻችንንም የምንለምነው አለ። ማታ እሳት ዳር ያለፈውን ስትተርኩልን አንድ ቀን ደግሞ «ልጆቼ፥ ይህ መሬት ለእናንተ ምን እንዲሆን ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁን። መምህራኖቻችንንም የምንለምነው ሥዕልና ድርሰት ከሒሳብና ከሳይንስ በኋላ የሚመጣ መዝናኛ ተደርጎ እንዳይቆጠር ነው። መሐንዲስ ድልድይ ከመሥራቱ በፊት ድልድዩን በወረቀት ላይ ይሥላልና።

ሣጥኑን የምትከፍቱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ በእኛም ላይ እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ። ሕልሙን ያለሙት እነማን ነበሩ? በሕልማቸው ውስጥ ማንን አስገቡ? ከሕልሙ በኋላስ ጎተራ ሠርተዋል ወይ? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልሱን በወረቀት ላይ ታገኙታላችሁ። የሦስተኛውን መልስ ግን በሣጥኑ ውስጥ አትፈልጉት፤ በመስኮት ወደ ጉና ተመልከቱ። እግዚአብሔር ለሥራው ያብቃን።